እባብ ማሳል አይችልም

ጥያቄው የመጣው ከሚኒሶታ ነው። የጻፉት እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ‹ንጉሥ› ብሎ ስም ያወጣለት ቦል ፓይተን የሚባል እባብ አለው። ቤታችን ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔ እባብ ነፍሴ ነው የሚፈራው፤ ልጄ ስለሚወደው ግን ቀስ በቀስ ለምጄዋለሁ። ለገና እንግዳ ስለመጣብን የሚኖርበትን የመስታወት ታንክ ከሳሎን አንስተን የልጁ መኝታ ቤት መስኮት ሥር አደረግነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እዚያው ነው። አሁን ሲተነፍስ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ትናንት ማታ አፉ ጥግ ላይ አረፋ አየን። ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ምግብም ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል። ልጄ ኢንተርኔት ላይ የዓሣ አንቲባዮቲክ አግኝቶ ‹እንግዛለት› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል› ይላል። ማንን ልስማ? ለእኛስ ይተላለፋል?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ይህ «ይለቀዋል» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። የነገሩኝን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው ወደ ሳንባ ኢንፌክሽን ያመራል። ንጉሥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ማየት አለበት። አፉን ከፍቶ መተንፈስ ከጀመረ ደግሞ ዛሬውኑ። የዓሣውን መድኃኒት አይግዙ። ዛሬ ማታ ግን እቤትዎ ሆነው የሚሠሩት ሥራ አለ፤ ሙቀቱን ማስተካከል። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ባለቤትዎ ጉንፋን ማለታቸው አይገርምም። ሁላችንም የምናስበው በራሳችን አካል ነው። ሰው ሲታመም ያስላል፣ አክታውን ይተፋል፣ ሳምንት ተኝቶ ይነሳል። እባብ ግን ማሳል አይችልም። እኛ ስንስል ከሳንባችን ሥር ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አየር በብዛት ይስባል፤ ከዚያ የሆድና የጎድን ጡንቻዎቻችን አየሩን በኃይል ገፍተው ያስወጡታል። እባብ ድያፍራም የለውም። የሚተነፍሰው በጎድን አጥንቶቹ መካከል ባሉት ጡንቻዎች ነው። ሳንባው ደግሞ ረጅም ከረጢት ነው፤ ከሰውነቱ ጋር ወደ ኋላ ይዘረጋል። አክታ አንዴ እዚያ ውስጥ ከወረደ ጠርጎ የሚያወጣው ነገር እምብዛም የለም። ይቀመጣል። ይወፍራል። የእባብ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ይረጋል። እንዲህ የረጋ ነገር በቀጭኑ ቱቦ ተመልሶ እንዲወጣ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ተሳቢ እንስሳት የኦክስጅን እጥረትን ከእኛ በጣም በተሻለ ይችላሉ። ሳንባቸው ግማሹ ተይዞ እንኳ ተጠቅልለው ጸጥ ብለው ይተኛሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ጤነኛ ይመስላሉ። ስለዚህ ድምፁ ተሰማ ማለት ሕመሙ ዛሬ ጀመረ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሰነበተ በኋላ ነው የሚሰማው። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ያዩት ትዕቢት ወይም ጨዋታ አይደለም። ቱቦውን አቅንቶ አየር ለማግኘት እየታገለ ነው። ከነገሩኝ ሁሉ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

አሁን ልጅዎን ይጥሩና አብራችሁ እዩት። ክፍሉን ጸጥ አድርጉ፤ ቴሌቪዥንም ማራገቢያም ይጥፋ። ታንኩን ከፍታችሁ ሳትነኩት አዳምጡ። ጤነኛ እባብ ሲተነፍስ ድምፅ የለውም። አንድ ጊዜ ይተነፍስና ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ የማይተነፍስ ይመስላል። ያ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው እያንዳንዱ ትንፋሽ ድምፅ ሲኖረው ነው፦ ጠቅታ፣ ፉጨት፣ ወይም ውኃ በቀሰም ሲመጠጥ መጨረሻ ላይ እንደሚያሰማው ዓይነት መንቦራጨቅ። ጉሮሮው ሥር ያለው ቆዳ ከፍ ዝቅ እያለ ሲነፋ ከታየም ትንፋሹ ከብዶታል።

አፉን በግድ አትክፈቱ። መንጋጋው ይጎዳል፤ እሱም ይጨነቃል፤ የታመመ እባብ ደግሞ ለጭንቀት የሚሆን ትርፍ አየር የለውም። ራሱ ካዛጋ ግን ባትሪ አብርታችሁ ቶሎ እዩ። በታችኛው መንጋጋ ወለል ላይ፣ ምላሱ ከሚወጣበት ቀዳዳ ወዲያ ብላ፣ አንዲት ትንሽ ስንጥቅ አለች። የመተንፈሻው በር እሷ ናት። ሲተነፍስ ትከፈታለች፣ ሲያርፍ ትዘጋለች። በጤነኛ እባብ ዙሪያዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ምራቁም እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። በታመመ እባብ ምራቁ ከላይኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ እንደ ክር ይሳባል፤ በሯ በተከፈተች ቁጥር አረፋ ትተፋለች፤ አንዳንዴም ቢጫ ነገር ጠርዟ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ይህን በስልክ ቅረጹት። ድምፁንም ቅረጹ። እባብ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ያቺ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የታመመ እባብ ያሳደገ ሰው ከዚያ በኋላ በሁሉም ነገር ይደነግጣል። ማዛጋት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ እባብ ከበላ በኋላ መንጋጋውን ወደ ቦታው ለመመለስ አፉን በሰፊው ይከፍታል። ውኃ ጠጥቶ ሲነሳ አንድ ሁለት አረፋ ቢታይ ምንም አይደለም። ቆዳውን ሊገፍፍ ሲል ወይም ገና እንደገፈፈ አፍንጫው ላይ የቀረ ቁራጭ ቆዳ ያፏጫል፤ ሲላቀቅ ፉጨቱም ይቀራል። ሲቆጣ እስስ ማለቱማ የታወቀ ነው። ቦል ፓይተን በክረምት ምግብ እምቢ ማለቱም የተለመደ ነው፤ ጤነኛው እንኳ ወራት ሊጾም ይችላል። ስለዚህ የእርስዎ ንጉሥ አልበላም ብቻ ቢሉኝ ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ጠቅታው፣ አረፋው፣ ማንጋጠጡና ምግብ መተዉ አንድ ላይ መጡ። አረፋውም ከውኃ የመጣ አይመስልም። አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ጭንቅላት ማንሳትን በተመለከተ ሌላም የሚምታታ አለ። አንገቱ የሚጣመም፣ ጭንቅላቱ የሚንቀጠቀጥ፣ በጀርባው ሲገለበጥ መመለስ የሚያቅተው እባብ ችግሩ ከነርቭ ሊሆን ይችላል። «ስፓይደር» በሚባለው የቦል ፓይተን ዝርያ ደግሞ የጭንቅላት መንቀጥቀጡ በዘር የሚመጣ ነው። ንጉሥ ዝርያው ምን እንደሆነ ልጅዎ ያውቃል፤ ለሐኪሙ ይንገር።

ወደ መስኮቱ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ልጅዎ ስሙን ንጉሥ ማለቱ ደስ ብሎኛል፤ ሳይንሳዊ ስሙም ፓይተን ሬጂየስ ነው። ሬጂየስ በላቲን «የንጉሥ» ማለት ነው። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ለንግድ የሚወጣው በብዛት ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነበር። እዚያ ቀኑን የሚያሳልፈው የአይጥ ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ሙቀቱ የማይለዋወጥ፣ አየሩ እርጥበት ያለው ጨለማ ቦታ። ያንን እንስሳ አምጥተን በጥር ወር ሚኒሶታ መስኮት ሥር አስቀመጥነው። የእባብ ደም ራሱን አያሞቅም። ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚያገኘው። ሲበርደው የሚቀዘቅዘው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ ጀርም የሚዋጉት ሴሎቹም ይቀዘቅዛሉ፣ ምግብ መፍጨቱም ይቆማል፣ በመርፌ የተሰጠው መድኃኒት እንኳ በሰውነቱ ውስጥ እንደሚገባው አይሠራም። ሁልጊዜ አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ እንደ ሱዶሞናስና ኤሮሞናስ ያሉት፣ ያን ጊዜ ወደ ሳንባ ለመውረድ መንገድ ያገኛሉ።

«ማሞቂያ እኮ አለው» ይሉኝ ይሆናል። አምናለሁ። ግን በስንት ዲግሪ? በእጅ መዳሰስ አይበቃም። ታንኩ ጎን ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያም ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ጫፉ ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ሽቦውን ንጉሥ በሚተኛበት ከፍታ፣ ወለሉ ላይ አድርጉት። ማሞቂያው ባለበት በሞቃቱ ጎን ከ88 እስከ 92 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ31 እስከ 33 ሴልሺየስ መሆን አለበት። በቀዝቃዛው ጎን ከ76 እስከ 80 ፋራናይት፣ ከ24 እስከ 27 ሴልሺየስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊቱን ይመልከቱ። ቀን ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቤቱ ማሞቂያ ዝቅ ሲል፣ ከመስኮቱ የሚወርደው ብርድ የመስታወት ታንክ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያየው የለም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዝ ቴርሞሜትር ይህን በጠዋት ይነግራችኋል።

እርጥበቱም አለ። ለቦል ፓይተን ከ55 እስከ 70 በመቶ ጥሩ ነው፤ ቆዳ ሊገፍፍ ሲል ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል። በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፤ የደረቀ አየር የመተንፈሻውን ስስ ሽፋን ይሰነጣጥቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ንጣፉን በውኃ ያርሰውና ክዳኑን በፎጣ ይሸፍናል። ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ከደረቅ አየር የባሱ ናቸው። ሻጋታ ያበቅላሉ። አየር የማይገባበት እርጥብ ታንክ ሳንባ ያሳምማል። ሞቃትና እርጥብ እንጂ ቀዝቃዛና እርጥብ መሆን የለበትም። ንጣፉ ከሥር ረጠብ ብሎ ከላይ ደረቅ ይሁን፤ የኮኮነት ልጣጭ ለዚህ ይመቻል። የጥድ ወይም የሴዳር ፍቅፋቂ ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ሽታው ራሱ የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል።

ስለ ሽታ ካነሳን፣ እንደኛ ቤት የሆነ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ታንኩ ሳሎን በነበረ ጊዜ ቡና የሚፈላው የት ነበር? ፈረንጅ ሐኪም ይህን አይጠይቅዎትም፤ አያውቀውማ። ቡና ሲቆላ የሚነሳው ጭስ፣ የከሰሉ፣ የእጣኑ፣ ሁሉም ለሳንባው መጥፎ ነው። እኛ መስኮት እንከፍታለን፣ ወጣ እንላለን። እሱ መስታወት ውስጥ ነው፣ የትም አይሄድም። ቡናዎን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውም። ታንኩ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን አይቁሉ፣ እጣንም አያጭሱ፣ ሲጋራም አይጨስ። የሚረጭ ሽቶና የማጽጃ ስፕሬይም እንደዚሁ። ተመልሶ ሳሎን ከገባ ይህን ያስቡበት።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጉ። ታንኩን ከመስኮቱ አንስታችሁ የውስጥ ግድግዳ አጠገብ አድርጉት፤ ሰው የማይመላለስበትና በር ሲከፈት ንፋስ የማይመታው ቦታ። ቀዝቃዛውን ጎን ከ80 እስከ 82 ፋራናይት ከፍ አድርጉት፤ ሌሊትም ከዚያ አይውረድ። ሞቃቱ ጎን ግን ከ92 አይለፍ። የታመመን ነገር «ይሙቀው» ብሎ እጅግ ማጋል ያው ጉዳት ነው። ማሞቂያው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ከሌለው ነገ ግዙ፤ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ የማሞቂያ ምንጣፍ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ እሱም ሳይነሳ እዚያው ይተኛበታል። በሁለቱም ጎን መደበቂያ ይኑረው። ንጹሕ ውኃ ይቀመጥ። ንጣፉን አውጥታችሁ ለጊዜው ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፉ፤ አቧራ አይኖረውም፣ አፉ የሚያወጣው ነገርም ቶሎ ይታያል። ከዚያ ተዉት። ልጅዎ አቅፎት ማደር ይፈልግ ይሆናል። አውቃለሁ፣ ልቡ ተጨንቋል። ግን አሁን የሚጠቅመው ሙቀትና ጸጥታ ነው።

አይብላ። አፍና ሳንባው በአክታ የተያዘ እባብ ሲውጥ ሊታነቅ ይችላል፤ ከበላም ሊያስመልሰው ይችላል። ቦል ፓይተን ሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ በረሃብ አይሞትም። ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይቅር። ይህ ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ለሆድ ድርቀት ወይም ለደረቀ ቆዳ ሊጠቅም ይችላል፣ መተንፈስ ላቃተው እባብ ግን የመስጠም አደጋ አለው። ቪክስ፣ ባሕር ዛፍ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ምንም አታድርጉበት። አክታው ይውጣ ብሎ በጭንቅላቱ ዘቅዝቆ መያዝም ሐኪም ካላሳየ በቀር የሚሞከር አይደለም።

አሁን ስለ ዓሣው አንቲባዮቲክ። ልጅዎ ክፉ አላሰበም፤ ባለው አቅም ወዳጁን ለማዳን ነው የሮጠው። ግን ያ መድኃኒት ውኃ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ የተዘጋጀ ነው። የእባብ ሳንባ ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ጠንካሮች ናቸው፤ ተራውን አንቲባዮቲክ አይፈሩትም። መጠኑም በግራም ክብደት የሚሰላ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ወጣት ይዞት የመጣውን ቦል ፓይተን አልረሳውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚሁ ከኢንተርኔት የተገዛ መድኃኒት ውኃው ውስጥ ሲጨምርለት ነበር። እባቡ ውኃውን ይጠጣው አይጠጣው እንኳ አይታወቅም። ሲመጣ አንገቱ እንደ ገመድ ቀጥኖ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ምራቁ አገጩ ላይ ደርቆ ነበር። ቱቦው ውስጥ የረጋው መግል በራጅ ላይ ታየ። ያለንን ሁሉ አደረግን፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ታንኩ በስንት ዲግሪ ላይ እንደነበር ስጠይቀው ልጁ ቴርሞሜትር አልነበረውም። ያ ሦስት ሳምንት በሙቀትና በትክክለኛው መድኃኒት ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ያ እባብ በሕይወት ይኖር ነበር ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ ነው በእርስዎ ጥያቄ ላይ እንዲህ የምቸኩለው።

ሐኪም ሲፈልጉ ዝም ብለው ለውሻና ለድመት የሚሄዱበት አይሂዱ። ደውለው «እባብ ታያላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ አያዩም፤ በግልጽ ይነግሩዎታል። የተሳቢና የእንቁራሪት አስተኔ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤአርኤቪ የሚባለው፣ በየግዛቱ ያሉ አባላቱን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከዚያ ይጀምሩ። ወጪው እንደሚያሳስብዎት ይገባኛል። ሲደውሉ ግምቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ሲደርሱም «ይህን ያህል ነው የያዝኩት፣ በዚህ የቱ ይቅደም?» ይበሉ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ነው የሚያወያይዎት።

በመንገድ ላይ እንዳይበርደው። ንጉሥን ንጹሕ የትራስ ልብስ ውስጥ አስገብታችሁ የትራስ ልብሱን ጫፍ ቋጥሩ፤ ከዚያ ክዳኑ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉት። ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጎኑ አስቀምጡ። መኪናው አስቀድሞ ይሙቅ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ይመዝነዋል፣ አፉን ያያል፣ ስለ ታንኩ ብዙ ይጠይቃል። በስቴቶስኮፕ ሲያዳምጥ ቅርፊቱ እየተፋተገ እንዳይረብሸው እርጥብ ጨርቅ በመካከል ቢያደርግ አይግረማችሁ። ራጅ ሊያነሳ ይችላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ምርመራ ግን ትንሽ ንጹሕ የጨው ውኃ ወደ መተንፈሻ ቱቦው አስገብቶ መልሶ በመምጠጥ የሚገኘው ናሙና ነው። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታወቃል። ውጤቱ ቀናት ስለሚወስድ ሐኪሙ በግምት አንድ መድኃኒት ይጀምራል፤ በኋላም እንደ ውጤቱ ይቀይራል።

የቫይረስ ምርመራም ይጠይቁ፤ በተለይ ንጉሥ ከመጣ በኋላ ሌላ እባብ ቤት ከገባ ወይም ልጅዎ የእባብ ትርዒት ሄዶ ሌሎችን ነክቶ ከነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ተመራማሪዎች በቦል ፓይተኖች ላይ ከከባድ የሳንባ በሽታ ጋር የተያያዘ ኒዶቫይረስ የሚባል ቫይረስ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ምልክቱ ከሞላ ጎደል እርስዎ የጻፉልኝ ነው፤ ብዙ ንፍጥ፣ ድምፅ፣ አፍ መክፈት። ከአፉ ናሙና በጥጥ ተወስዶ ፒሲአር በሚባል የላቦራቶሪ ምርመራ ይታወቃል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሐኪሙ ላዩ ላይ የተደረበውን ባክቴሪያ ያክማል። ቫይረስ የተገኘበት እባብ ደህና መስሎ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሌሎችን ሊያስይዝ ይችላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ሦስቱን ዓመት ብቻውን ከኖረ፣ ብርድ ቦታ ከተዛወረ በኋላ ለታመመ እባብ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አሁንም ብርዱ ነው። ቅርፊቶቹ መካከል ወይም ውኃው ውስጥ እንደ ጥቁር ፍሬ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ተባዮች ካያችሁም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ደም ይመጥጣሉ፣ በሽታም ያስተላልፋሉ።

ሕክምናው በአብዛኛው መርፌ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሴፍታዚዲም የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፤ በየሦስት ቀኑ አንዴ ስለሚሰጥ እቤት ለመውጋት ይመቻል። ሐኪሙ በየመርፌው ከፋፍሎ ይሰጣችኋል፣ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፣ በቀኑ አንዷን አውጥቶ በእጅ ሙቀት ማቅለጥ ነው። የሚወጋው በሰውነቱ የፊት ክፍል፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ነው፤ በየጊዜው ቦታው ይቀያየራል። ከክሊኒኩ ሳትወጡ አንዷን ራሳችሁ በሐኪሙ ፊት ወግታችሁ እዩ። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ከአዋቂ ጋር ሆኖ በደንብ ይችላል። እርስዎ ሰውነቱን ደገፍ ያድርጉ፣ እሱ ይውጋ። እባብ የሚፈሩ እናት መሆንዎን አልረሳሁም። ግን ሌሊት ታንክ ላይ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳመጡት እርስዎ ነዎት።

ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት ሦስት መርፌ ከወሰደ በኋላ ጠቅታው ሊጠፋ ይችላል። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፤ በሽታውም ጠንክሮ የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው። የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ስጡ።

«ለእኛ ይተላለፋል?» ላሉት፦ የእባብ ቫይረሶች ሰው እንደሚያሳምሙ አይታወቅም፤ ከንጉሥ ጉንፋን አይይዛችሁም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ተሳቢ እንስሳት፣ ጤነኞቹም ጭምር፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ በሆዳቸው ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። ከነካችሁት ወይም ታንኩን ካጸዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የውኃ ሳህኑን የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አታጥቡ። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን፣ ከ65 በላይ አዛውንት፣ ወይም ሰውነቱ በሽታ መቋቋም ያቃተው ሰው ካለ ባይነኩት ይሻላል። ሌላ እባብ ካላችሁም ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ጤነኛውን አስቀድማችሁ፣ የታመመውን መጨረሻ አጽዱ። ወደፊት አዲስ እባብ ብታስገቡ ቢያንስ 90 ቀን ለብቻው ይቆይ።

ደብተር ይኑራችሁ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ሳህን አድርጋችሁ በሳምንት አንዴ በግራም መዝኑት፤ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት፣ የመርፌውን ቀን፣ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ከክብደቱ ከአሥር አንዱ ከቀነሰ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ደውሉ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ድዱ ወይም ምላሱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ሲነካ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክሊኒክ ውሰዱት። ትንፋሹ ጸጥ ካለና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ የመጀመሪያው ምግብ ከተለመደው ያነሰ አይጥ ይሁን፤ በረዶ ከነበረች በደንብ ቀልጣ፣ ሞቅ ብላ። እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ።

ነገ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ይደውሉ። ቴርሞሜትሩ ሌሊት ላይ የያዘውን ዝቅተኛ ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው። እኔንም ይጻፉልኝ፤ ምን እንደተባለ ማወቅ እፈልጋለሁ።